ጀግና ለመባል ሰይፍ ግድ ነው?



ማንበብ የሚወድ ልጅ ባለበት ቤት ፊልም ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ሁሉም ተሰብስቦ፣ ፈንዲሻው ቀርቦ፣ ፊልሙ ገና ሞቅ ማለት ሲጀምር ከሶፋው ጥግ «መጽሐፉ ላይ እንዲህ አይደለም!» የሚል ድምፅ ይሰማል። «አንተ ደግሞ! ዝም ብለህ እይ» ትላለች እህት። «እሷ እኮ እዚህ ቦታ ላይ ጭራሽ አልነበረችም» ይላል ወንድም። «ብትኖርስ ምን አለበት? እንዲያውም ከሁሉም የምትሻለው እሷ ናት!» እናትና አባት ይተያያሉ። ስለ ማን እንደሚወራ እንኳ በቅጡ አልገባቸውም።

የዚህ ወር ጽሑፌ በተለይ ለእነዚህ እናትና አባት ነው። ልጆቹም ቢያነቡት አይጠሉትም። ክርክሩ በእናንተ ሳሎን የተጀመረ አይደለም፤ የፋንታሲ መጻሕፍትና ፊልሞች አፍቃሪዎች ከሃያ ዓመት በላይ ሲሟገቱበት ኖረዋል። ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ አንድ የቆየ መጽሐፍ ወደ ፊልም ሲለወጥ ውስጡ ያሉትን ሴቶች «ጠንካራ» አድርጎ መቀየር ተገቢ ነው ወይ? ተገቢ ከሆነስ ጠንካራ ማለት ምን ማለት ነው?

ሁለተኛው ጥያቄ ከፊልም ያልፋል። ሴት ልጃችሁ ጥንካሬ የምትለው ነገር ምን እንደሚመስል፣ ወንድ ልጃችሁም ጠንካራ ሴት ፊቱ ስትቆም ያውቃት እንደሆነ የሚነካ ጥያቄ ነው። ለዚህ ደግሞ «የቀለበቶቹ ጌታ»፣ ልጆቹ «ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ብለው የሚጠሩት ታሪክ፣ ጥሩ ማሳያ ይሆነናል።

ሴት የጠፋበት መጽሐፍ

ደራሲው ጄ. አር. አር. ቶልኪን በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጥንታዊ እንግሊዝኛ ቋንቋ ፕሮፌሰር ነበሩ። በ1937 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት «ዘ ሆቢት» የተባለው የልጆች መጽሐፍ ውስጥ በስሟ የተጠራች ሴት አንዲት ብቻ ናት፤ የዋናው ገጸ ባሕርይ እናት ቤላዶና ቱክ። እሷም ስሟ ተነሥቶ ያልፋል እንጂ ታሪኩ ውስጥ ገብታ አንድ ቃል አትናገርም።

ከ1954 እስከ 1955 እ.ኤ.አ. በሦስት ቅጽ የወጣው «የቀለበቶቹ ጌታ» በዚህ በኩል ይሻላል። ቢሆንም ከአንድ ሺህ ገጽ በላይ በሆነው በዚያ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ ጎልተው የሚታዩት ሴቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ጋላድሪኤል አለች፤ ጥበበኛዋ የኤልፎች እመቤት። ኤዎዊን አለች፤ የፈረሰኞቹ አገር ንጉሥ የእህት ልጅ። አርዌን አለች፤ የኤልፎቹ አለቃ የኤልሮንድ ልጅ። የአርዌን የፍቅር ታሪክ ግን አብዛኛው የተጻፈው በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ በተጨመረው አባሪ ውስጥ ነው። ዋናውን ታሪክ ብቻ ያነበበ ሰው አርዌን ማን እንደሆነች በቅጡ ሳያውቅ መጽሐፉን ሊዘጋ ይችላል።

ኒውዚላንዳዊው ዳይሬክተር ፒተር ጃክሰን ታሪኩን በ2001፣ በ2002 እና በ2003 እ.ኤ.አ. በወጡ ሦስት ፊልሞች ሲሠራ ይህን ጉድለት ሳያስተውል አልቀረም። ከእሱ ጋር የፊልሙን ጽሑፍ ካዘጋጁት መካከል ፍራን ዋልሽ እና ፊሊፓ ቦየንስ የተባሉ ሁለት ሴቶች አሉ። ሦስተኛው ፊልም በታጨባቸው 11 የኦስካር ዘርፎች ሁሉ ሲያሸንፍ፣ አንዱ ሽልማት ከመጽሐፍ ለተወሰደ የፊልም ጽሑፍ የተሰጠው ነበር። ስለዚህ ሥራውን ያልቻሉበት ሰዎች አልነበሩም። ያም ሆኖ ከአድናቂዎቹ ጋር መጋጨታቸው አልቀረም።

የወንዙ ማዶ

የመጀመሪያው ግጭት ወንዝ ዳር ነው የተነሣው። ትንሹ ፍሮዶ በክፉ ስለት ተወግቶ ሊሞት ሲያጣጥር፣ ዘጠኝ ጥቁር ፈረሰኞች ያሳድዱታል። በፊልሙ ውስጥ አርዌን ብቻዋን በፈረስ ትመጣለች፤ ፍሮዶን ከፊቷ አስቀምጣ ትጋልባለች፤ ወንዙን ከተሻገረች በኋላ ሰይፏን መዝዛ ፈረሰኞቹን «ከቻላችሁ ኑ» በሚል ድፍረት ትጠብቃቸዋለች። ከዚያም በኤልፎች ቋንቋ ተናግራ ወንዙን ታስነሣባቸዋለች። ጎርፉ በፈረስ ቅርጽ እየጋለበ ጠራርጎ ይወስዳቸዋል።

መጽሐፉ ላይ ግን አርዌን በዚያ ቦታ የለችም። የሚመጣው ግሎርፊንዴል የተባለ ወንድ ኤልፍ ነው። ፈረሱን ለፍሮዶ ይሰጠዋል፤ ፍሮዶ ብቻውን ይሻገራል። ጎርፉን የሚያዘውም የአርዌን አባት ኤልሮንድ ነው።

«ታዲያ ምን ተጎዳ? ስሙ እንኳ ለመያዝ የሚያስቸግር አንድ ኤልፍ ወጥቶ አርዌን ገባች» ትሉ ይሆናል። ለውጡን የሚደግፉትም የሚሉት ይህንኑ ነው። አንድ ፊልም ሦስት ሰዓት ያህል ብቻ አለው፤ ለአንድ ትዕይንት ብቻ መጥቶ የሚጠፋ ሰው ማስተዋወቅ ጊዜ ማባከን ነው። ደግሞም አራጎርን በመጨረሻ የሚያገባትን ሴት ቀድመን ካላወቅናት ሠርጉ ምን ደስ ይለናል?

የተቃወሙት ያነሡት ነጥብም ግን ቀላል አይደለም። በመጽሐፉ ውስጥ ወንዙን ተሻግሮ፣ ቁስሉ እያቃጠለው፣ ዓይኑ እየጨለመበት፣ ዘጠኙን ፈረሰኞች ዞሮ የሚጋፈጣቸው ራሱ ፍሮዶ ነው። አቅም የለውም፤ ሰይፉን ቢያነሣም እጁ ላይ ይሰበራል፤ ግን እንቢ ይላል። በፊልሙ ያ «እንቢታ» ከፍሮዶ ተወስዶ ለአርዌን ተሰጠ፤ እሱ እንደ ሕፃን የሚሸከሙት በሽተኛ ሆነ። ለአንዷ ጀግንነት ለመስጠት ከሌላው መውሰድ ነበረባቸው ወይ? ልጃችሁ «መጽሐፉ ላይ እንዲህ አይደለም» ሲል የሚያመው አንዳንዴ ይህ ነው። ሴት መጨመሯን ጠልቶ ላይሆን ይችላል። የሚወደው ትንሽ ሰው ድፍረቱን ስለተቀማ ሊሆን ይችላል። ጠይቁት።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። አዘጋጆቹ አርዌንን በሁለተኛው ፊልም ትልቁ ጦርነት ውስጥም ሊያስገቧት አስበው፣ ተዋናይቷ ሊቭ ታይለር የሰይፍ ልምምድ አድርጋ ቀረጻውም ተጀምሮ ነበር። ወሬው አስቀድሞ ሲወጣ አድናቂዎቹ ተነሡ፤ በዘመኑ ዝነኛ ከነበረች የቴሌቪዥን ተዋጊ ልዕልት ጋር እያመሳሰሉ የማሾፊያ ስም አወጡላት። ተዋናይቷ በነገሩ ማዘኗን በኋላ ተናግራለች። በመጨረሻ አዘጋጆቹ ሐሳባቸውን ቀየሩ። ጦርነቱን ከአርዌን ወስደው ወደ አባሪው ታሪክ ተመለሱ።

በአባሪው ያገኙት ምን ነበር? አርዌን ኤልፍ ናት፤ ሞት አይነካትም። አራጎርን ሰው ነው፤ ይሞታል። እሱን ካገባች የማይሞት ሕይወቷን ትተዋለች፤ ከአባቷም ለዘላለም ትለያለች። አባቷ በመርከብ ወደማይሞቱት አገር እንድትሄድ ይለምናታል። በሦስተኛው ፊልም ወደ መርከቡ ጉዞ ከጀመረች በኋላ ገና ያልተወለደውን ልጇን በራእይ አይታ ትመለሳለች። ዋጋውን አስቀድማ ታውቃለች፤ አውቃም ትከፍላለች። ከወንዙ ዳር ትዕይንት ይልቅ ብዙ ተመልካች ልቡ ውስጥ የቀረው ይህ ሳይሆን አይቀርም። እዚያ ቦታ ላይ እጇ ባዶ ነው።

ሽማግሌ ስታስታምም የኖረችው

አሁን ወደ ኤዎዊን እንምጣ፤ ሰይፍ ወደ ያዘችው። ፊልሙን ያየች ልጅ ሁሉ የምታስታውሳት እሷን ነው። የወንድ ጦር ልብስ ለብሳ፣ ፊቷን በራስ ቁር ሸፍና ትዘምታለች፤ በጦር ሜዳ ላይ የወደቀውን አጎቷን ንጉሡን ሊያጠቃ ከመጣው አስፈሪ ጠንቋይ ንጉሥ ፊት ትቆማለች። ያ ጠላት በማንም «ማን» እጅ እንደማይወድቅ ትንቢት ተነግሮለታል። እሷ ሴት መሆኗን ገልጣ ትገድለዋለች።

ይህን ትዕይንት እንግሊዝኛ ለማይሰማ ትንሽ ልጅ በአማርኛ ለማስረዳት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ያስቸግራል። እንግሊዝኛው «ማን» የሚለው ቃል ሰውም ወንድም ማለት ስለሆነ እንቆቅልሹ የተሠራው በዚያ ላይ ነው። በእኛ ቋንቋ ሰው ሌላ፣ ወንድ ሌላ ነው። «ሰው አይገድለኝም» ብላችሁ ብትተረጉሙት ልጁ «እሷስ ሰው አይደለችም እንዴ?» ይላችኋል። «ወንድ አይገድለኝም» ካላችሁ ደግሞ እንቆቅልሹ ገና ሳይጀመር ይፈታል። ከኋላ መጥቶ ጠላቱን ጉልበቱ ላይ የወጋው ሜሪም አለ። እሱ ወንድ ነው፤ ግን ሆቢት እንጂ ሰው አይደለም። ኤዎዊን ሰው ናት፤ ወንድ አይደለችም። ሁለቱ ተረዳድተው ነው ያ የማይወድቀው የወደቀው። ኤዎዊን ብቻዋን አሸነፈች የሚሉ ልጆች ካሉ ሜሪን አስታውሷቸው፤ ጠንካራ ሰው ረዳት ስላገኘ ጥንካሬው አይቀንስም።

መጽሐፉን ያነበቡት ግን ስለ ኤዎዊን ሌላ ነገር ይነግሯችኋል። በመጽሐፉ ውስጥ አንባቢው ያ ወጣት ፈረሰኛ ኤዎዊን መሆኗን አያውቅም፤ ስሙ ዴርንሄልም ነው ተብሎ ነው የሚቀርበው። ሜሪ የፈረሰኛውን ፊት ሲያይ ተስፋውን ጨርሶ ሞቱን ፍለጋ የሚሄድ ሰው ፊት ሆኖ ያየዋል። ፊልሙ ይህን ተስፋ መቁረጥ አለዝቦታል። በመጽሐፉ ከጠንቋዩ ፊት በቆመች ጊዜ ዓይኗ ቢጨክንም ጉንጯ ላይ እንባ ነበረ። ጀግንነቷ ደስታ አልነበረም።

ለምን ሞትን ፈለገች? ምክንያቱ የሚነገረው ከጦርነቱ በኋላ፣ እሷ ቆስላ በተኛችበት የሕሙማን ቤት ነው። ጋንዳልፍ ለወንድሟ ለኤዎመር ይህን ያስረዳዋል፦ አንተ ፈረስና የጦር ሜዳ ነበረህ፤ እሷ መንፈሷ ከአንተ ሳያንስ፣ አንድ ሽማግሌ እያረጀና አእምሮው እየደከመ ሲሄድ እያየች፣ እሱን ስታስታምም ኖረች። ወንድሟ በዚያ ቤት ውስጥ አብሮ ኖሮ ይህን አላየም። ለእሱ እህቱ ደህና ነበረች።

ይህን ያነበበ ሰው ኤዎዊንን የሚያያት በሌላ ዓይን ነው። ጥንካሬዋ የጀመረው በጦር ሜዳ አልነበረም። በቤት ውስጥ ነበር፤ ማንም ጀግንነት ብሎ ሳይጠራው፣ ማንም ሳያመሰግናት። የምትፈራውም ሞትን አልነበረም። እስር ቤቱን እስክትለምደው ድረስ መቆየትን ነበር የምትፈራው።

አድናቂዎች እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት ሁለት ነገር እዚህ ጋ አለ። አንደኛው፣ ኤዎዊን ስትዘምት ኃላፊነቷን ትታ ነው የሄደችው የሚል ነው። በመጽሐፉ ንጉሡ ወደ ጦርነት ሲሄድ ሕዝቡን በእሱ ምትክ እንድትመራ ሾሟት ነበር፤ ሰዎቹም ራሳቸው እሷን ነው የፈለጉት። ሁለተኛው ከቁስሏ ከዳነች በኋላ የምትመርጠው ነገር ነው። ሰይፉን አስቀምጣ ፈዋሽ ለመሆን ትወስናለች፤ ፋራሚርንም ታገባለች። «ያቺን ጀግና ወደ ጓዳ መለሷት» የሚሉ አሉ። «የለም፤ ሞትን ስትመኝ የነበረች ሴት መኖርን መምረጧ ከሁሉ ይበልጣል፤ ፋራሚርም ራሱ ጦርነትን ለጦርነትነቱ የማይወድ ሰው ነው» የሚሉም አሉ። በሲኒማ ቤት የታየው ፊልም የሕሙማኑን ቤት ታሪክ ዘሎት ስላለፈ፣ ፊልሙን ብቻ ያየ ልጅ ይህ ክርክር መኖሩንም አያውቅም። ረዘም ተደርጎ በወጣው ቅጂ ግን ጥቂቱ ተመልሷል። ኤዎዊን ኃላፊነቷን መተዋ ልክ ነበር? እራት ላይ ጥያቄውን ጣል አድርጉትና ልጆቻችሁ ምን እንደሚሉ ስሙ።

ፍርሃቷን የወሰዱባት ሄርማየኒ

ከታሪኩ ለአንድ አፍታ ወጣ ብለን ልጆቻችሁ ይበልጥ ወደሚያውቁት ወደ ሃሪ ፖተር እንሂድ። እዚያም ተመሳሳይ ነገር ተፈጽሟል፤ ሰይፍ ግን የለበትም።

በመጀመሪያው መጽሐፍ ሦስቱ ጓደኛሞች ሰው አንቆ የሚይዝ ተክል ውስጥ ይወድቃሉ። ሄርማየኒ ተክሉ ጨለማና እርጥበት እንደሚወድ ከትምህርቷ ታስታውሳለች፤ እሳት ለማንደድ ግን በድንጋጤ እንጨት የለም ብላ ትጨነቃለች። ጠንቋይ መሆኗን የሚያስታውሳት ሮን ነው፤ ጮሆባት። በጣም ጎበዝ የሆነች ልጅ በድንጋጤ ጊዜ የምታውቀውን ትረሳለች፤ ፈተና ላይ የተቀመጠ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። በ2001 እ.ኤ.አ. በወጣው ፊልም ግን ሄርማየኒ ተረጋግታ መፍትሔውን ታገኛለች፤ የሚንፈራገጠው ሮን ነው። በሦስተኛው መጽሐፍ ሮን እግሩ ተሰብሮ ሳለ ተነሥቶ፣ ሃሪን ለመግደል የፈለገ እኛንም መግደል አለበት ብሎ ይቆማል። በፊልሙ ያን የሚናገረው ሄርማየኒ ናት፤ ሮን ወድቆ ያቃስታል።

ተመልካች ሲያየው ሄርማየኒ «የበለጠ ጠንካራ» ሆናለች። ብዙ አንባብያን ግን እንዲህ ይላሉ፦ የተጨመረላት ነገር ሲቆጠር ብዙ ነው፤ የጠፋባት ግን ፍርሃቷ ነው። የማትፈራና የማትሳሳት ልጅ ታስደንቃለች እንጂ ጓደኛ አትሆንም። እናንተም ሴት ልጃችሁ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ ማታ ማታ ግን በጭንቀት እንቅልፍ ካጣች፣ የምትጠቅማት መጽሐፉ ላይ ያለችው ሄርማየኒ ናት። ወንድ ልጃችሁም የሮንን ተራ ማጣት የለበትም።

ቀስት ሰጥተዋት ታሪክ ነፈጓት

ጃክሰን ከ2012 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. «ዘ ሆቢት»ን በሦስት ፊልም ሲሠራ ሴት የሌለበት መጽሐፍ ገጠመው። መፍትሔው አዲስ ሴት መፍጠር ነበር፤ ታውሪኤል የተባለች የኤልፎች ዘብ አለቃ። ኢቫንጀሊን ሊሊ ተጫወተቻት። ቀስት ላይ የሚያህላት የለም፤ ፈጣን ናት፤ ደፋር ናት። ክፉን ዝም ብለን አንይ ብላ ንጉሧን የምትሞግትበት ጥሩ ቦታም አላት።

ተዋናይቷ ሥራውን ስትቀበል ሁለት ወንዶች የሚፎካከሩባት ሴት እንዳታደርጓት ብላ ቃል አስገብታ እንደነበር በየቃለ መጠይቁ ተናግራለች። ቀረጻው አልቆ ለተጨማሪ ቀረጻ ስትመለስ ግን ያው የፈራችው ነገር ተጨምሮ ጠበቃት፤ በአንድ በኩል ድዋርፉ ኪሊ፣ በሌላ በኩል ኤልፉ ሌጎላስ። በመጨረሻው ፊልም የታውሪኤል ታሪክ የሚያበቃው በሞተ ፍቅረኛ ላይ በማልቀስ ነው። ከዚያ በኋላ ምን ሆነች? ፊልሙ አይነግረንም።

ይህን ከአርዌን ጋር አስተያዩት። የአርዌንም ታሪክ የፍቅር ታሪክ ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱ ፍቅሩ አይደለም። ልዩነቱ አርዌን ትመርጣለች፤ ምርጫዋ የራሷን ሕይወት ይቀይራል፤ ዋጋውንም እሷ ትከፍላለች። ታውሪኤል ክህሎት ተሰጣት፤ ታሪኩ ግን የወንዶቹ ሆነ። ቀስቷን ብንወስድባት የሚቀር ታሪክ አላት ወይ ብለን ብንጠይቅ መልሱ ያሳዝናል።

«እሷ እኮ ወንድ ናት»

በ2022 እ.ኤ.አ. «የኃይል ቀለበቶች» የተባለው ተከታታይ ፊልም ሲጀመር የክርክሩ ማዕከል ጋላድሪኤል ሆነች። በጃክሰን ፊልሞች ኬት ብላንሼት የተጫወተቻት ጋላድሪኤል ረጋ ያለች፣ ግርማዋ የሚያስፈራ እመቤት ነበረች። በአዲሱ ሞርፊድ ክላርክ የተጫወተቻት ጋላድሪኤል ወጣት የጦር አዛዥ ናት፤ ቁጡ፣ የወንድሟን ደም ልትበቀል ጠላትን በየበረዶው የምታሳድድ። «ይቺ የኛ ጋላድሪኤል አይደለችም» የሚል ጩኸት ተነሣ።

ጩኸቱ ግን ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። ቶልኪን በሕይወታቸው የመጨረሻ ዓመት በ1973 እ.ኤ.አ. በጻፉት ደብዳቤ ጋላድሪኤል በወጣትነቷ በጥንታዊ ግሪኮች አፈ ታሪክ የሚነገርላቸውን ተዋጊ ሴቶች የሚመስል ጠባይ እንደነበራትና በስፖርት ውድድር ጊዜ ጸጉሯን እንደ ዘውድ ትጠቀልል እንደነበር ገልጸዋል። እናቷ ያወጣችላት ስምም «ኔርዌን» ነው፤ ወንድ የመሰለች ልጃገረድ እንደ ማለት።

ይህን ስም ሳይ ትዝ የሚለኝ የእኛው ምስጋና ነው። አንዲት ሴት ቤቷን ብቻዋን ስታቆም፣ ሌባ ስትይዝ ወይም ስብሰባ ላይ ተነሥታ እውነቱን ስትናገር «እሷ እኮ ወንድ ናት!» እንላለን። ልናከብራት ነው የምንለው። ቃሉን ግን አብራን የተቀመጠች የስምንት ዓመት ልጅ ትሰማዋለች፤ ጎበዝ ከሆንሽ ወንድ ትባያለሽ ማለት ነው። ወንድሟም ሲያለቅስ «እንደ ሴት አታልቅስ» ሲባል ሌላውን ግማሽ ይሰማል። የፊልም ጸሐፊዎች ለእያንዳንዷ ሴት ሰይፍ ሲያስጨብጡ የሚሠሩት ስሕተት ካለ፣ እኛ በምስጋናችን ከምንሠራው ብዙም አይለይም። ጥንካሬን የምናውቀው በአንድ ልብስ ብቻ ነው።

ጋላድሪኤል በመጽሐፉም በመጀመሪያው ፊልምም ከሁሉ የምትበልጥበት ቦታ ሌላ ነው። ፍሮዶ ዓለምን የሚገዛውን ቀለበት በገዛ እጁ ይሰጣታል። ለዘመናት ስትመኘው ኖራለች። ከወሰደችው ምን እንደምትሆን ታያለች፤ ተመልካቹም አብሯት ያያል። ከዚያም አልፈልግም ትላለች፤ ትንሽ ሆና ለመቅረት ትስማማለች። ማንንም አልመታችም። በዚያ ታሪክ ውስጥ ግን እንደሷ ያለ ኃይል ኖሯቸው እንቢ ለማለት የቻሉት ጥቂቶች ናቸው።

አብራችሁ ስታዩ

አንባብያን በየጊዜው «ታዲያ ምን እናድርግ?» ትሉኛላችሁ። መጀመሪያ ዕድሜ። የጃክሰን ፊልሞች በአሜሪካ የፊልም ምደባ ከ13 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ወላጅ በጥብቅ እንዲያስብበት የሚል ምልክት የተሰጣቸው ናቸው። ጦርነቱ ረጅም ነው፤ ጭራቆቹ ያስፈራሉ፤ እያንዳንዱም ከሦስት ሰዓት አካባቢ ጀምሮ እየረዘመ ይሄዳል። ትንንሾቹን አስተኝታችሁ ከትልልቆቹ ጋር በሁለት ማታ ከፍላችሁ ብታዩት ይሻላል።

ክርክሩ ሲነሣ አታቋርጡት። ሦስት ጥያቄ ብቻ ጨምሩበት። የመጀመሪያው፦ መሣሪያዋን ብንወስድባት ይቺ ሴት ምን ይቀራታል? ሁለተኛው፦ የወሰነችው ነገር ምን አስከፈላት? ምንም ካላስከፈላት ውሳኔ አልነበረም። ሦስተኛው፦ ለእሷ የተሰጠው ነገር ከማን ተወሰደ? ይህ ሦስተኛው ወንድ ልጃችሁ ቅሬታውን ያለ ንዴት እንዲናገር በር ይከፍትለታል። እህቱም በሦስቱ ጥያቄዎች የምትወዳትን ገጸ ባሕርይ ማስከበር ትችላለች፤ ልታሸንፍም ትችላለች።

አንድ ድንበር ግን አስምሩ። ገጸ ባሕርይን መንቀፍ ሌላ፣ የተጫወተቻትን ሴት መስደብ ሌላ ነው። ጽሑፉን የጻፉት ሌሎች ናቸው፤ ስድቡ የሚያርፈው ግን ብዙ ጊዜ ፊቷ በሚታየው ላይ ነው። በሳሎን ውስጥ ይህን ልዩነት የተማረ ልጅ ነገ ስልኩን ይዞ ብቻውን ሲቀመጥ ይጠቅመዋል።

በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ደግሞ «የሮሂሪም ጦርነት» የተባለ የካርቱን ፊልም ወጣ። ከኤዎዊን ዘመን በፊት የነበረች የአንድ ንጉሥ ልጅ ታሪክ ነው። ቶልኪን በአባሪያቸው ውስጥ ይቺን ልጅ ጠቅሰዋታል፤ አባቷንና ወንድሞቿን በስማቸው ሲጠሩ እሷን ግን «ልጁ» ብለው ብቻ አለፉ። ፊልሙ ሄራ የሚል ስም ሰጣት። ታሪኩን የምትተርከውም ኤዎዊን ናት፤ ድምፁ የያኔዋ ተዋናይ የሚራንዳ ኦቶ ነው። ፊልሙን መውደድ አለመውደድ የየራሳችሁ ነው። ስም ሳይሰጣት የቀረችን ልጅ ስም ማውጣት ግን መጽሐፍን ማበላሸት አይመስለኝም።

ስማቸው የማይጠራ ሴቶች ደግሞ በመጽሐፍ ውስጥ ብቻ አይደሉም። አያትን የምታስታምም፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ የምትሰጥ፣ ከትምህርት ቤት መልስ ቀጥታ ወደ ቤት የምትገባ ልጅ በብዙ ቤት አለች። ደህና ናት ብለን አልፈናት ይሆናል፤ የኤዎዊን ወንድምም ያሰበው እንዲሁ ነበር። በዚህ ወር አንድ ቀን አጠገቧ ቁጭ በሉና ምን እንደሚከብዳት፣ ምን እንደምትመኝ ጠይቋት። ከዚያም ወንድሟን አስነሥታችሁ የአያትን መድኃኒት ለሁለት ያካፍሉ።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።